ዝም ያሉት ሊፍቶች

ሊፍት ውስጥ ተይዞ የሚደውል ሰው መጀመሪያ «ተያዝኩ» አይልም። የሚነግራችሁ ወዴት እየሄደ እንደነበር ነው። «ስብሰባ አለኝ እኮ!» «የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ።» «ለባለቤቴ ምሳ ይዤ እየወጣሁ ነበር።» ይህንን ያወቅሁት ሃያ ምናምን ዓመት ስልክ ካነሳሁ በኋላ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለፈው ወር ድርጅቴን ለባልደረባዬ ለሄለን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ያየኝ ሁሉ «ደከመሽ አይደል?» ይለኛል። የተሰማኝ ድካም አይደለም። እንደዚህች ያሉ ሳልመልሳቸው የቀሩ ጥያቄዎች ብዛት ነው የገረመኝ። ቢያንስ የመለስኳቸውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ገርጂ ትኖር የነበረችው አክስቴ ዘንድ ነው። የጸሐፊነት ሙያ ተማርኩና ከአትላስ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የሊፍት ጥገና ድርጅት ለስልክ ተቀባይነት አመለከትኩ። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ሲጠይቁ እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ።

«ስልክ ላይ ይጮሁብሻል። ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።»

«ካልጨረሱስ?»

«ሊፍት ውስጥ ያለ ሰው የት ይሄዳል? ይጨርሳል።»

ሳቁና ቀጠሩኝ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሊፍት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ይህንን በሦስተኛው ቀን የደረሱበት ዋና ቴክኒሻኑ ጋሽ ገመቹ ነበሩ። አንዲት የተያዘች ሴትዮ በስልክ ሳጽናና ሰምተውኝ ኖሯል። «አይዞሽ፣ መስኮቱን ክፈቺና አየር ውሰጂ» ብያት ነበር። ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ ቆመዋል።

«ነይ ተነሺ» አሉኝ። «ያልገባሽበትን ነገር በስልክ አታጽናኚበትም።»

ጎረቤት ያለው ሕንፃ ውስጥ ወስደው ሦስት ጊዜ ላይና ታች አመላለሱኝ። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቀኝ መዳፋቸውን የካቢኑ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ስንወርድ «አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰማሽ?» አሉ። ምንም አልተሰማኝም። «ካቢኑ የሚንሸራተትበት ሐዲድ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ትንሽ ከፍታ አለ። መዳፍሽን አስለምጂው፤ ይሰማሻል።» እውነት ለመናገር፣ እስኪሰማኝ ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ጋሽ ገመቹ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ይህ ሦስት ጊዜ በዝምታ መመላለስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሕንፃ ሲሄዱ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ሳይከፍቱ በፊት ከጥበቃው ጋር ይቀመጣሉ። ስለ ሊፍቱ አይጠይቁትም። «ወለሉን መቼ መቼ ነው የምታጥቡት? አዲስ ተከራይ ገባ እንዴ? ጄኔሬተሩን ማን ነው የሚያስነሳው?» እያሉ ያወጉታል። እኔ ይህን እንደ ሥራ አላየሁትም። ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። እንዴት እንደተሳሳትኩ ያወቅሁት ቆይቶ፣ ያውም በሰው አጥንት ነው።

የሥራዬ ዋናው ክፍል መዝገብ ነበር። የደወለው ማን ነው፣ ከየትኛው ሕንፃ፣ በስንት ሰዓት፣ ቴክኒሻኑ ሄዶ ምን አገኘ። ጋሽ ገመቹ አንድ ዓምድ አስጨመሩኝ፤ የደዋዩ የራሱ ቃል። «‹የበር ብልሽት› ብለሽ አትጻፊ። ሰውዬው ‹በሩ እምቢ አለኝ› ካለ፣ ‹እምቢ አለኝ› ብለሽ ጻፊ። ‹ተንቀጠቀጠ› ካለ ‹ተንቀጠቀጠ›።» ቢሮው ኮምፒውተር ሲገዛ መዝገቡን ወደ ኤክሴል መገልበጥ ጀመርኩ። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ስልክ በማይደወልበት ሰዓት እጄ ሥራ ስላጣ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሁሉንም ጥሪ በሳምንቱ ቀን ደረደርኩት። አትላስ አካባቢ ያለ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሠርግ አዳራሽ ያለው ሕንፃ ብቻውን ተነጥሎ ወጣ። «በሩ እምቢ አለ»፣ «በሩ እምቢ አለ»፣ ሁሉም ሰኞ። ለጋሽ ገመቹ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና አብሬያቸው እንድሄድ አዘዙኝ። እንደ ልማዳቸው ከጥበቃው ጋር ተጨዋወቱ። ከዚያ ተንበረከኩና የቢላ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው በሩ የሚንሸራተትበትን ቦይ ጫሩት። የወጣው ፈንዲሻ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ ላይ የተበተነ ፈንዲሻ ይረገጣል፣ በጽዳት ውሃ ይርሳል፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሰኞ ጠዋት ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ እንደተንበረከኩ።

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩንስ ማን ጠየቀው?»

ያን ቀን አክስቴ ቤት እስክደርስ በታክሲ መስኮት የማያቸውን ሕንፃዎች በሙሉ ምን ምን ልጠይቃቸው እያልኩ ነበር የሄድኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የፕሮግራም ትምህርት የጀመርኩት። በዚያን ጊዜ አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ከሥራ መልስ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ማሠልጠኛ እሄዳለሁ። አስተማሪያችን ይህችው ሄለን ነበረች፤ በዕድሜ በጣም የምታንሰኝ፣ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በፕሮግራመርነት የምትሠራ ልጅ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ጨዋታና ሙዚቃ ማጫወቻ ለመሥራት ነው የመጡት። እኔ «ሊፍት የት የት እንደሚበላሽ አስቀድሞ የሚናገር ነገር እፈልጋለሁ» ስል ሄለን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። እያንዳንዱ ሊፍት የመጣበት ጥሪ ተቆጥሮ ቀለም ይሰጠዋል። ብዙ የተደወለበት ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ያልተደወለበት አረንጓዴ። በየሰኞው አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አቶ ሰይድ በጣም ወደዱት። እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አውርደው አረንጓዴዎቹን አከበቡና «እነዚህ ደህና ናቸው። ለምን በየወሩ እንሄዳለን? በሦስት ወር አንዴ ይበቃቸዋል፤ ጊዜያችንን ለቀዮቹ እናውል» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ሥራዬ ለቁም ነገር ሲውል ያየሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ገመቹ ብቻ ወረቀቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ይሄ የሳሊተ ምሕረቱ አፓርትመንት ለምንድነው እንዲህ ዝም ያለው?»

«ደህና ስለሆነ ነዋ ጋሼ። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ጥሪ የለም።»

«ያ አሳንሰር አሮጌ ነው» አሉ። ተራው የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ስለነበረ ወደ ቀዮቹ ሄዱ።

አደጋው የደረሰው እዚያው ሕንፃ፣ ተራው ሳይደርስ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ወይዘሮ ዘውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ከአምስተኛ ፎቅ ወረዱ። ካቢኑ ምድር ቤት ሲደርስ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ። እሳቸው ከኋላቸው ያለችውን ጎረቤታቸውን እያነጋገሩ እግራቸውን አወጡ። ወለሉ እዚያ አልነበረም። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሰኞ ከጋሽ ገመቹ ጋር ሄድን። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል፤ ካቢኑን በቦታው መያዝ አቅቶታል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይመጣም። ጥበቃውን አቶ ወንድሙን «ከዚህ በፊት ምልክት አላሳየም?» አልኩት።

«እንዴት አያሳይም? በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይቆማል እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

አየኝና «አንቺ ነሽ ስልክ የምታነሺው?» አለ። «በፊት በፊት ደውዬ ነበር። ‹ቴክኒሻን ይመጣል› ትይኛለሽ። ሁለት ቀን አይመጣም። ተከራዩ እኔ ላይ ይጮሃል። በኋላ አንዱ ተከራይ ወደ ሞተሩ ክፍል ወጥቶ ማብሪያውን አጥፍቶ ማብራት አሳየኝ። ካጠፋሁት በኋላ ይነሳል። እሱን ስለምድ መደወል ተውኩ።»

ስለዚህ ያ ሕንፃ አረንጓዴ የሆነው ተስፋ ቆርጦብን ነው። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ተስፋ መቁረጡን ጤና ብሎ ጻፈለት። ያን ዕለት ጋሽ ገመቹ ከአቶ ወንድሙ ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዳመጥኳቸው። ያ ጨዋታ ማንም ደውሎ የማይነግረንን ነገር መሰብሰቢያቸው ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ነገር ትቼ የስልክ ጥሪ ብቻ ቆጥሬአለሁ።

ወይዘሮ ዘውዴን ሆስፒታል ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እስኪጨርሱ መጠበቅ እችልበታለሁ። አልጮሁም።

«ቁጭ በይና አስረጂኝ» አሉ። «ያልተበላሸ መሆኑን በምን ነበር የምታውቁት?»

ስለ ቀለሞቹ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ኮርኒሱ ላይ ተክለው ሰሙኝ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «ለፈተና ያልተቀመጠ ተማሪ መቶ ከመቶ ሰጥቼ አላውቅም። አንቺ ሰጥተሻል።»

«አዎ» አልኩ።

«ያልተቀመጠ ተማሪ ሲኖር ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ቤቱ ሰው እልካለሁ። መጀመሪያ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።»

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም። እኔም በዚያች ቀን መጠየቅ አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳሁ። ለአምስት ወር ያህል ኮምፒውተሩን ለደብዳቤ ብቻ ነው የከፈትኩት።

ወደ ሥራው የመለሰኝ ጸጸቱ ብቻ አይደለም። ጥያቄው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ያልደወለን ሰው እንዴት ነው የምትሰማው? ለሄለን ሁሉንም ነገር ስነግራት «እትዬ አስቴር፣ ታዲያ እንገልብጠው» አለች። «ዝምታ አረንጓዴ አይሁን። ቀይ ይሁን።» እያንዳንዱ ጥበቃ በየቀኑ «ደህና ነው» ወይም «ቆሟል» ብሎ ያሳውቀን። ከአንድ ሕንፃ ሁለት ቀን ድምፅ ከጠፋ ሰው ይሂድ።

ለአቶ ሰይድ አቀረብኩት። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

«ይሄንን ባለ ሕንፃው ያየዋል?»

«ማየት አለበት።»

«ቴክኒሻን ስንቀር ስንዘገይ ሁሉ ይታያል ማለት ነው። አስቴር፣ እኔን እኮ ነው የምታሳጪኝ።»

«ወይዘሮ ዘውዴ…»

«አውቃለሁ!» አሉ። ሲጮሁ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ቀጥለው ዝግ ባለ ድምፅ «ፕሮግራሙ ደግሞ በእኔ ኮምፒውተር፣ በእኔ ሰዓት የተሠራ ነው» አሉ።

«የበፊቱ አዎ። የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት። ይሄኛውን ቤቴ በራሴ ሰዓት ከባዶ እጽፈዋለሁ።»

እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ መልሰው ሰኩ። «ጻፊው፤ ከቻልሽ» አሉኝ። አላባረሩኝም። ሲባረሩ ያየኋቸው ሰዎች ስለነበሩ ይህንን አልረሳላቸውም።

ልጆቹ ሳይነሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እጽፋለሁ። ቅዳሜ ሄለን ትመጣና የጻፍኩትን ግማሹን ታፈርሰዋለች። የመጀመሪያው ሙከራችን ጥበቃዎቹ በየጠዋቱ አጭር መልእክት እንዲልኩ ነበር። አሥራ አንድ ሕንፃ በነፃ አስገባን፤ መልእክት የሚልክልን ከሦስት አይበልጥም። ሄለን «ሰነፎች ናቸው» አለች። እኔ ግን አሁን ለምን ብዬ ሳልጠይቅ መፍረድ ትቻለሁ። እየዞርኩ ከየጥበቃው ጋር ተቀመጥኩ። አንዱ ስልኩ የአማርኛ ፊደል የለውም። አንዱ ካርድ የለውም። አንዱ ማንበብ እንደማይችል አሠሪው እንዲያውቅበት አይፈልግም። ሁሉም ግን አንድ ነገር ይችላሉ፤ ሚስድ ኮል ማድረግ።

ሁለት ስልክ ቁጥር አወጣን። አንዱ ላይ ደውሎ ከዘጋ ሊፍቱ ደህና ነው። ሌላው ላይ ደውሎ ከዘጋ ቆሟል። ሒሳብ አይቆርጥበትም፣ ፊደል አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ከማን እንደተደወለ አይቶ ይመዘግባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአሥራ አንዱ አሥሩ በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። ያልደወለው አሥራ አንደኛው ጋ ስንሄድ ጥበቃው ሥራ ለቆ አገር ቤት ገብቷል። ባለ ሕንፃው ሊፍቱ ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ያለ ጥበቃ ማደሩን የሰማው ከእኛ ነው።

ይኸው ሰውዬ ነው የመጀመሪያው ከፋያችን የሆነው። አትላስ አካባቢ ሆቴልም ነበረው። «ሆቴሌንም አስገቡልኝ። ስንት ነው?» ሲል እኔና ሄለን ተያየን። ስለ ዋጋ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ሄለን «በአንድ ሊፍት በወር» ብላ አንድ ቁጥር ጠራች፤ ሰውዬው ሳይከራከር ከሒሳብ ሹሙ ጋር አገናኘን። ደረጃው ላይ «ትንሽ ነው የጠራሽው» አልኳት፤ «አየሁት» አለች።

ዋናው ነገር የገባን ያኔ ነው። እኔ ሁልጊዜ ገዢዎቻችን የጥገና ድርጅቶች ይሆናሉ ብዬ ነበር የማስበው። እነሱ ግን እንደ አቶ ሰይድ ጉድለታቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ባለ ሕንፃው ነው የሚፈልገው። ቴክኒሻን መጥቶ ነበር ወይስ አልመጣም የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል፤ ተከራይ ሲጮህበት የሚያሳየው ወረቀት ይፈልጋል። አንዱ ለሌላው እየነገረ ከአትላስ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ ወደ ሲኤምሲ ሄደልን። ከቤት ወጥተን ጠባብ ቢሮ ስንከራይ ሄለን መሥሪያ ቤቷን ለቀቀች። የመጀመሪያው ዓመት ከኪሳችን ነው የበላነው። በሁለተኛው ዓመት ኪራዩም የሄለን ደመወዝም ወጥቶ የተረፈበት ወር መጣ። ሄለን ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ስህተት መስሏት። ከዚያ ወር በኋላ ኪሳራ አላየንም።

እኔ ከአቶ ሰይድ ድርጅት የለቀቅሁት የዚያን ጊዜ ነው። የመጨረሻ ቀኔ ላይ ጋሽ ገመቹ ጡረታ ወጥተው ነቀምቴ ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል። ደውዬ ነገርኳቸው። «የስንት ሰው አሳንሰር ታያለሽ አሁን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «መዳፍሽንስ ታስነኪዋለሽ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

አቶ ሰይድ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሮዬ መጡ። ደንበኞቻቸው የሆኑት ሕንፃዎች ሁሉ የእኛን ወረቀት ያሳዩዋቸዋል፤ ወረቀቱን ከደንበኛ እጅ ከማየት ቀድመው ማየት እንደሚሻላቸው ገብቷቸዋል። ተፈራረምን። ሲወጡ «ያን ጊዜ እሺ ባልኩሽ ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም።

ለሄለን ካስረከብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማክሰኞ ዕለት ደወለችልኝ።

«እትዬ አስቴር፣ ዕረፍትዎን ልረብሽ ነው። ሲኤምሲ አንድ ሊፍት አለ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፍቶ አይዘጋም። ቴክኒሻኖች ሦስቴ ሄደው ምንም አላገኙም። ባለ ሕንፃው ተናዶ በሩን በሙሉ ከነሴንሰሩ ሊያስቀይር ነው።»

«ጥበቃው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚደውለው?»

የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ። «ጠዋት… ጠዋት… ሁሉም ጠዋት። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ተኩል። ቴክኒሻኖቹ ደግሞ…» ቁልፎቹን እንደገና አንኳኳች። «ሁሌ ከሰዓት ነው የሄዱት።»

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ከጥበቃዋ ጋር ተቀመጥኩ፤ ሴት ናት፣ ብርቱካን ትባላለች። ስለ ሊፍቱ አልጠየቅኋትም። «ሰፈሩ እንዴት ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?» አልኳት።

«ምን አለ ብለሽ ነው እህቴ። ያ ፊት ለፊት የነበረው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ለመንገዱ ፈረሰ። አቧራው ገደለን።»

ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የኮሪደሩ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። የፈረሰው ሕንፃ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ሰማይ ሆኗል። ከግድግዳው ላይኛ ጫፍ የጀመረው ፀሐይ ቀስ እያለ ወርዶ የሊፍቱ በር ላይ ደረሰ፤ ሰው መኖሩን የምታየው ትንሿ የሴንሰሩ መስታወት ላይ በቀጥታ አረፈ። በሩ ተከፈተና ቆመ። የሌለ ሰው እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ በሁለት እጄ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ኮሪደሩ ጨለም አለ። ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ነጠላውን ሳላወርድ፣ ስልኬን በአገጬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ለሄለን ደወልኩላት።

«ቴክኒሻን አትላኪ» አልኳት። «መጋረጃ ላኪ።»